ሳይወለድ የሚታረም ልጅ

የሰው ልጅ ገና ጽንስ ሳለ ጂኑ፣ ማለትም ከወላጆቹ የሚወርሰው የአካሉ መመሪያ፣ ተለውጦ እንዲወለድ መደረግ የለበትም ብዬ አምናለሁ። አቋሜን አስቀድሜ የምናገረው ደብቄ እስከ መጨረሻው ልይዘው ስለማልፈልግ ነው። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ዘረመልን የማስተምረውም ወድጄው ነው። ጂኑ ታርሞ ከሞት የተረፈ ሕፃን ዜና ሳነብ ደስታው ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ይውላል። ነገር ግን የታመመን ልጅ ማዳን ሌላ፣ ገና ያልመጣን ልጅ ከነልጅ ልጆቹ እኛ በወደድነው መልክ ቀርጾ ማምጣት ሌላ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ያነሳው የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። ስለ ዲኤንኤ እየተማርን ሳለ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ በሽታውን ከጽንሱ ላይ ማጥፋት ከተቻለ ለምን አይጠፋም? ማን ይጎዳል?» አለኝ። «ማን ይጎዳል?» የሚለው ነው ቤት ድረስ የተከተለኝ። ክፍለ ጊዜው አልቆ ስለነበር በወጉ አልመለስኩለትም።

መሣሪያው ክሪስፐር ይባላል። መነሻው ባክቴሪያዎች የሚያጠቃቸውን ቫይረስ ለይተው የሚቆርጡበት የተፈጥሮ መከላከያ ነው። ጄኒፈር ዱድና እና ኢማኑኤል ሻርፐንቲየር በ2012 ይህንኑ መከላከያ ወደ ፈለጉት የዲኤንኤ ቦታ መምራት እንደሚቻል አሳዩ፤ በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙበት። መሪ የሆነው አርኤንኤ (የዲኤንኤ ዘመድ የሆነ ሞለኪውል) ቦታውን ፈልጎ ያገኛል፣ ካስ9 የሚባለው ፕሮቲን ይቆርጣል፣ የተቆረጠውን ደግሞ ሕዋሱ ራሱ ይጠግናል። ጣጣው ያለው እዚህ ጥገናው ላይ ነው። ሕዋሱ ሁልጊዜ እኛ እንዳሰብነው አይጠግንም።

ይህ መሣሪያ በሕይወት ላለ ሰው ምን እንዳደረገ ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆናል። በ2023 መጨረሻ ብሪታንያና አሜሪካ ካስጌቪ የተባለውን ሕክምና ፈቀዱ። ሲክል ሴል በሚባለው የደም በሽታ የሚሠቃይ ሰው ደም የሚሠሩ ሕዋሳቱ ከሰውነቱ ወጥተው ይታረሙና ይመለሱለታል፤ ከዓመት ዓመት ሆስፒታል የሚያስተኛው ሕመም ለብዙዎቹ ቆመላቸው። በ2024 ሻንግሃይ ውስጥ፣ በክሪስፐር ሳይሆን በሌላ ዓይነት የጂን ሕክምና፣ በአንድ ጂን ጉድለት ምክንያት ሳይሰሙ ለተወለዱ ስድስት ሕፃናት የደህናው ጂን ቅጂ ጆሯቸው ውስጥ ተሰጥቷቸው አምስቱ መስማት እንደጀመሩ ታተመ። በ2025 ደግሞ ፊላደልፊያ ውስጥ ጉበቱ አሞኒያን ማስወገድ ያልቻለ አንድ ጨቅላ በስድስት ወር ውስጥ ለእሱ ብቻ የተሠራ የክሪስፐር መድኃኒት ተሰጠው። የታረመው የጉበቱ ሕዋስ ነው። አድጎ ቢወልድ እርማቱ ወደ ልጁ አይተላለፍም። መድኃኒቱ ባይሠራ ወይም ቢያጠፋ ጉዳቱ ከዚያ ሕፃን አያልፍም፤ ሕፃኑም እዚያው ሐኪሞቹ ፊት እየታመመ ነበር።

ጽንስ ላይ ሲሆን ግን ለውጡ በመላው ሰውነት ሕዋሳት ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ነገ እንቁላል ወይም የወንድ ዘር በሚሆኑት ሕዋሳት ውስጥም ጭምር። እዚያ የተሠራ ስህተት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳል። የታከመ የለም፤ የተሠራ ነው ያለው።

ይህን እስከ መጨረሻው የሄደበት ሰው ሄ ጂያንኩይ ነው፤ በሸንዠን ከተማ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነበር። በኖቬምበር 2018 ጂናቸው የታረመ መንትያ ሴት ልጆች መወለዳቸውን በቪዲዮ አስታወቀ፤ ስማቸው እንዳይታወቅ ሉሉና ናና ብሎ ጠራቸው። አባታቸው ኤችአይቪ በደሙ አለ። ሄ ልጆቹ ቫይረሱ እንዳይይዛቸው ብሎ ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባበትን ሲሲአር5 የተባለውን ጂን ቆረጠ። እዚህ ላይ እንቆም። ቫይረሱ ያለበት አባት ጤነኛ ልጅ እንዲወልድ ጽንስ መቁረጥ አያስፈልገውም። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ከደረሰ ወደ ትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም፤ ይህን እኛ ሠፈር ያለ ጤና ጣቢያ ውስጥ የምትሠራ ነርስ ቁጭ አድርጋ ታስረዳችኋለች። በላብራቶሪ ፅንስ በሚያስጀምሩት ዘንድም የአባትን ዘር ከቫይረሱ አጥቦ መጠቀም ቀድሞ የታወቀ ነገር ነው። ልጆቹ ያልታመሙትን በሽታ ታከሙ።

ከዚያም በላይ፣ ያሰበውን ለውጥ አላገኘውም። አንዳንድ አውሮፓውያን ከተፈጥሮ የሚወርሱት፣ ከኤችአይቪ የሚጠብቅ የታወቀ የሲሲአር5 ጉድለት አለ። በመንትዮቹ ላይ የተፈጠረው ግን እሱ አይደለም፤ ከዚያ በፊት በሰው ላይ ታይቶ የማይታወቅ ሌላ ቅርጽ ነው። በአንዷ ላይ ከአባትና ከእናት ከሚወረሱት ሁለት የጂኑ ቅጂዎች አንዱ ሳይነካ ቀረ። ሲሲአር5 የሌላቸው ሰዎች ደግሞ የዌስት ናይል ቫይረስ ሲይዛቸው የበለጠ እንደሚጎዱ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። በዲሴምበር 2019 የሸንዠን ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት እስርና የ3 ሚሊዮን ዩዋን ቅጣት ፈረደበት፤ ጂኗ የታረመ ሦስተኛ ልጅ መወለዷም በዚያው ጊዜ ተረጋገጠ። እሱ በ2022 ተፈታ። ሦስቱ ልጆች ግን የሚፈቱበት ቀን የላቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ምርመራ የሚያስፈልጋቸው ሆነው ነው የተወለዱት፤ ለማግባትና ለመውለድ ሲደርሱም ሌላ ማንም ልጅ ያልገጠመው ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። ተማሪዬ ማን ይጎዳል ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት እነሱን ነበር።

አሁን ወደ ሠፈሬ ልመለስ፤ ይህን ጉዳይ የማየው ከዚህ ነውና። የምኖረው ከአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳር፣ ካራ ቆሬ ነው። ከጦር ኃይሎች ተነስቶ ወደ ሰበታ የሚሄደውን ታክሲ የያዘ ሰው ከተማችን በታሪኳ «ጉድለት አለባቸው» ብላ የገፋቻቸውን ሰዎች በቅደም ተከተል ያልፋቸዋል። መጀመሪያ ዘነበወርቅ ይመጣል፤ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ፣ በ1965 አለርት ተብሎ የሰፋው፣ ያን ጊዜ ከተማው ያበቃበት ሜዳ ላይ ነበር። ከገጠር ለመታከም የመጡ ሰዎች ድነውም የሚመለሱበት ቤት ስላልነበራቸው እዚያው ዙሪያውን ሠፈሩ። የከተማው ቆሻሻ መጣያ ቆሼም የተደረገው እዚያው አጠገባቸው ነው። ወደ ግራ ሲታጠፉ መካኒሳ አለ፤ ወንድሜ የተማረበት መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት። መንገዱ ካራ ቆሬንና ዓለም ገናን አልፎ ሰበታ ሲደርስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ መርሐ ዕውራን አለ። እነዚህን ቤቶች ያቋቋሙት ሰዎች ደጎች ነበሩ፤ ስንቱን አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። ቦታው ለምን ሁልጊዜ ከተማው ዳር ሆነ የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

የሥጋ ደዌን ነገር በደንብ ላንሳው። በሀገራችን ትዳር ሲታሰብ አጥንት ይቆጠራል። ሰባት ቤት ቆጥሮ ዘመድ እንዳይጋባ መጠንቀቁ ለጤናም የሚበጅ ነገር አለው፤ ከአባትም ከእናትም ሲገናኝ ብቻ የሚገለጥ በሽታ በሥጋ ዘመዶች ጋብቻ ይበዛልና። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ የሚቆጥሩት ዝምድናን ብቻ አልነበረም። «በዘራቸው ቁምጥና አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። የሚጥል በሽታ፣ ቡዳ፣ ሸክላ ሠሪነት፣ ቀጥቃጭነት፣ ሁሉም በአንድ መዝገብ ነበር የሚሰፍረው። የእናቴ አክስት ሁለት ጊዜ ታጭታ ሁለት ጊዜ የቀረችው አያቷ ሥጋ ደዌ ይዞት ስለነበር ነው። እሷ ጣቷም አልታመመ። ሳታገባ አርጅታ፣ ሳትወልድ ሞተች።

ሥጋ ደዌ ግን በዘር አይወረስም። ኖርዌጂያዊው ገርሃርድ ሃንሰን በባክቴሪያ እንደሚመጣ በ1873 አሳይቷል። አብዛኛው ሰው ቢጋለጥም እንኳ አይዘውም፤ የያዘውም ሰው ከ6 እስከ 12 ወር በሚሰጥ መድኃኒት ይድናል። የእናቴ አክስት ስትታጭ ሃንሰን ካወቀው ብዙ አሥርተ ዓመታት አልፈውት ነበር። አጥንት ቆጣሪዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ለሚወለዱት ልጆች የሚያስቡ፣ ቤተሰብ እንዳይጎዳ የሚሠጉ፣ የተከበሩ አባቶች ነበሩ። በቅንነት ነው የተሳሳቱት፤ የተሳሳቱትም ስለ ሌላ ሰው ሕይወት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። ስልክን የሠራው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል መስማት የተሳናቸው ልጆች አስተማሪ ነበር፤ እናቱም ሚስቱም አይሰሙም ነበር። ይህ ሰው በ1883 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ፊት ቀርቦ መስማት የተሳናቸው ሰዎች እርስ በርስ ሲጋቡ የማይሰማ የሰው ዘር እየተፈጠረ ነው ብሎ አስጠነቀቀ። በልዩ ትምህርት ቤት አንድ ላይ ባይማሩ፣ በምልክት ባይግባቡ፣ መጋባታቸው ይቀንሳል ባይ ነበር። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ፍራንሲስ ጋልተን የሰውን ዘር መርጦ ስለማሻሻል የሚያስተምረውን ዩጀኒክስ ስም አወጣለት። ከዚያ የሆነው ይታወቃል። በአሜሪካ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከ60,000 የሚበልጡ ሰዎች በሕግ እንዳይወልዱ ተደረጉ። የናዚ ጀርመን በጁላይ 1933 ያወጣው ሕግ በዘር የሚወረስ አለመስማትን በዝርዝሩ ውስጥ በስሙ ጠቅሶ አስገባው፤ በዚያ ሕግ 400,000 ያህል ሰው መካን ተደረገ። የዛሬ ሳይንቲስቶች ናዚ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ ማለት ነውርም ውሸትም ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ዝርዝሩ ነው። ዝርዝር ሲወጣ ወንድሜ ሁልጊዜ ይገኝበታል።

ዛሬም ይገኝበታል። ሄ ጂያንኩይ በታሰረበት ዓመት ሞስኮ ውስጥ ዴኒስ ሬብሪኮቭ የተባለ ተመራማሪ ባልም ሚስትም መስማት የተሳናቸውን ጥንዶች ጽንስ ማረም እንደሚፈልግ ተናገረ። ጥንዶቹ ሁለቱም ጂጄቢ2 በሚባለው ጂን የተበላሹ ሁለት ሁለት ቅጂዎች አሏቸው፤ ስለዚህ የሚወልዱት ልጅ ሁሉ አይሰማም። የሩሲያ ጤና ሚኒስቴር ጊዜው ገና ነው አለ፤ ነገሩም በዚያው ቆመ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በሽታን የሚያስተላልፉ ሁለት ጤነኛ ወላጆች፣ ለምሳሌ እያንዳንዳቸው አንድ የተበላሸ ቅጂ ብቻ ያላቸው የሲክል ሴል ተሸካሚዎች፣ ከአራት ጽንሶቻቸው በአማካይ ሦስቱ ከበሽታው ነፃ ናቸው። ልጅ በላብራቶሪ ማስጀመር ከተቻለ ከሦስቱ አንዱን መርጦ ማኖር ይበቃል፤ ምንም ጂን መቁረጥ አያስፈልግም። (መምረጡም የራሱ ጥያቄ አለው፤ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።) ጽንስ ማረም የግድ የሚሆነው በአብዛኛው እንደ ሞስኮዎቹ ሁለቱም ወላጆች ራሳቸው ያ ነገር ሲኖርባቸው ነው፤ ይህ ደግሞ ብርቅ ነው። ስለዚህ «ለከባድ በሽታ ብቻ» እየተባለ የሚቀርበው ክርክር ሲመረመር የሚጠቅማቸው ሰዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። ገበያ ያለው ሌላው ነገር ነው፤ ቁመት፣ ቆዳ፣ ትምህርት መቀበል። የራሳችንን ሰው እናውቃለን። የቆዳ ማቅያ ክሬም በየሱቁ የሚሸጥበት ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው።

ወንድሜ ከእኔ በአራት ዓመት ያንሳል። ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም። እናቴ ጠበል ይዛው ያልሄደችበት ቦታ የለም፤ ጎረቤት ምን በድለሽ ነው እያለ ሲያደማት ኖሯል። መካኒሳ ሲገባ ስምንት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ከዚያ በፊት ከቤተሰብ ጋር የሚግባባበት ጥቂት የእጅ ምልክት ብቻ ነበረው። የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሶ ሲመጣ ፊደል አስተማረኝ። በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ እያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ ሰባቱ የሚለየው እጁ በሚንቀሳቀስበት አኳኋን ነው። አባታችን የቄስ ትምህርት ቤት ሰው ነበር። ልጁ ሀሁን በእጁ ሲወርድለት እያየ አብሮት በአፉ ይል የነበረውን መቼም አልረሳውም። አሁን ወንድሜ ዓለም ገና መንገድ ላይ እንጨት ቤት አለው፤ ቁም ሣጥንና አልጋ ይሠራል፤ ሁለት ልጆች ቀጥሮ ያሠራል። ሚስቱ በልጅነቷ ማጅራት ገትር ይዟት ነው መስማት ያቆመችው። ሴት ልጃቸው ትሰማለች። ምርመራ ባያደርጉም እንደ ባዮሎጂ መምህር ስገምተው የወንድሜ ከዘር ነው፣ የሚስቱ ከበሽታ ነው፤ ልጅቷ ከእናቷ ደህናውን ቅጂ ወስዳለች።

የተማሪዬን ጥያቄ ለወንድሜ ነገርኩት። ከእኔ ጋር ይስማማል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተስማማም። «ልጄ እንደማትሰማ አስቀድመው ቢነግሩኝና እናስተካክላለን ቢሉኝ ያኔውኑ እፈርም ነበር» አለኝ። ከዚያ ስለዚያች ሌሊት ነገረኝ። ሚስቱ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታ ሐኪሞቹ ምን እንደሚሏት ሳታውቅ፣ እሱ ከበር ውጭ የሚወጣ የሚገባውን ሰው ፊት እያነበበ፣ ወረቀት ላይ ጽፎ የሚያሳየው ነርስ «ቆይ» እያለው እስኪነጋ ቆመ። ወደ ቀዶ ሕክምና እንደወሰዷት ያወቀው ካለቀ በኋላ ነው። «ልጄ እንዲህ ያለ ሌሊት እንዳይደርስባት ምንም አደርጋለሁ» አለ።

እኔም፣ «ያ የጆሮህ ችግር አይደለም እኮ፤ አስተርጓሚ ያለመኖሩ ችግር ነው» አልኩት።

«እሱ ያንቺ ክርክር ነው። ሌሊቱን የቆምኩት እኔ ነኝ።»

ይህን የምጽፈው ፈቅዶልኝ ነው። መልስ የለኝም ማለት አልፈልግም፤ አለኝ። ግን የእሱን ቃል ከእኔ መልስ በታች ማስቀመጥ አልችልም። አካል ጉዳት የሌለበት ሰው ተደላድሎ ተቀምጦ ስለ ልዩነት ውበት ሲሰብክ እሰማለሁና ከእነሱ አንዷ እንዳልሆን እጠነቀቃለሁ። ወንድሜ የሚለው እውነት ነው፤ በዚህች ሀገር አለመስማት ከባድ ነው። አስተርጓሚ የሌለበት ፍርድ ቤት፣ ስም የሚጠራበት የባንክ ወረፋ፣ ከኋላ ክላክስ የሚያሰማ ሲኖትራክ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ያጸደቀችው በ2010 ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል፤ የተመረቁት ወጣቶች ግን የሚቀጥራቸው ሆስፒታል ሲፈልጉ ይታያሉ። የሚያስቆጣኝ እዚህ ላይ ነው። ልጅን ከመወለዱ በፊት ለመለወጥ የሚታሰበው ዓለምን ለልጁ ለመለወጥ ስለሰለቸን ከሆነ፣ ይህ ሕክምና አይባልም።

ደግሞም እንደሚባለው አይሠራም። በ2020 በኒውዮርክ የሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዓይነ ስውርነት የሚያመጣ አንድ ጂን በጽንሶች ላይ ለማረም ሞከሩ። ከጽንሶቹ ግማሽ በሚጠጉት ውስጥ ጂኑ ያለበት ክሮሞዞም ትልቅ ክፍሉ ወይም ጠቅላላው ጠፋ። ለማህፀን ያልታሰቡ ጽንሶች ስለነበሩ እዚያው ተመርምረው ቀሩ። አንድ ጽንስ ሲከፋፈል እርማቱ በአንዳንዱ ሕዋስ ገብቶ በሌላው ላይገባ ይችላል፤ ለምርመራ የሚወሰዱት ጥቂት ሕዋሳት ስለቀሩት አይመሰክሩም። እስኪወለድ አይታወቅም፤ ከተወለደ በኋላ ማወቁ ደግሞ ምን ያደርጋል?

ለእኛ የሚብስበት ምክንያት አለ። የዓለም የዘረመል ጥናት የተሠራው በአብዛኛው በአውሮፓውያን ደም ላይ ነው። በ2019 በታተመ ግምገማ ጂንን ከበሽታ ጋር በሚያያይዙ ጥናቶች ውስጥ ከተካተቱት ሰዎች 78 በመቶው የአውሮፓ ዘር ያላቸው ነበሩ፤ አፍሪካውያን 2 በመቶ ገደማ። ከላይ ያደነቅኩት የሲክል ሴል ሕክምና መሪ አርኤንኤ እንኳ በአፍሪካ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ በሚገኝ አንድ የዲኤንኤ ልዩነት ምክንያት ያልታሰበ ቦታ ሊቆርጥ እንደሚችል በ2023 ታትሟል። «መደበኛ» የሚባለው ሰው እኛን አይመስልም።

ከሁሉ የሚያስተምረኝ የዳፊ ነገር ነው፤ ለተማሪዎቼም ሁልጊዜ እሱን እነግራለሁ። ዳፊ በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ ወደ ሕዋሱ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። ብዙ አፍሪካውያን፣ ከኢትዮጵያውያንም ብዙዎች፣ ይህ ፕሮቲን በቀይ ሕዋሳቸው ላይ የለም፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ከቫይቫክስ ይጠበቃሉ። ይኸው የጂን ልዩነት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በደም ምርመራ ቁጥራቸው ዝቅ ብሎ እንዲታይ ያደርጋል። ሰውየው ጤነኛ ነው። ሆኖም ቁጥሩ በአውሮፓውያን ልክ በተሠራ ሠንጠረዥ ሲታይ «ዝቅተኛ» ተብሎ ስንቱ የካንሰር መድኃኒት ተቀንሶበታል፣ ስንቱ የሚያስፈልገውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ተከልክሏል። አሁን ከሃምሳ ዓመት በፊት ጽንስ የማረም ችሎታ የነበረው ቅን ሐኪም አስቡ። ሠንጠረዡን ያያል፤ «ይህ ልጅ የመከላከል አቅሙ ደካማ ሆኖ ሊወለድ ነው» ይላል፤ ያርመዋል። ልጁም ወባ ያለበት አገር ላይ ይወለዳል፤ ከሺህ ዓመታት የወረሰው ጋሻ ከሱና ከዘሩ ለዘላለም ተነስቷል። ያ ሐኪም ከአጥንት ቆጣሪዎቹ አባቶች በምን ይለያል?

የወላጅን ጭንቀት አቃልያለሁ የሚል ካለ አላቃለልኩም። አከርካሪው ሳይዘጋ የተወለደ ልጅ የያዘች እናት አውቃለሁ፤ በሀገራችን ይህ ችግር ከዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው። አብዛኛውን ማስቀረት የሚቻለው እናትየዋ ከማርገዟ በፊት በምታገኘው ፎሊክ አሲድ በተባለ ቫይታሚን ነው፤ ከ2022 ጀምሮ በስንዴ ዱቄት ውስጥ እንዲጨመር በሀገር ደረጃ ግዴታ ሆኗል። ዱቄቱ እኛ ሠፈር ወፍጮ ቤት እንደማይደርስ ግን ራሴ አያለሁ፤ ብዙ ሰው የሚበላው ራሱ ያስፈጨውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በልጅነት ከሚከሰተው የመስማት ችግር 60 በመቶው ሊከላከሉት ከሚችሉት ምክንያት የሚመጣ ነው ይላል፤ ማጅራት ገትር፣ ሳይታከም የከረመ የጆሮ ፈሳሽ፣ ያለ ቁጥጥር የሚሰጥ ጆሮ የሚጎዳ መድኃኒት። የወንድሜ ሚስት ጆሮ በጂን አልነበረም የጠፋው። በካስጌቪ የአንድ ሰው ሕክምና ዋጋ፣ በ2.2 ሚሊዮን ዶላር፣ ስንት ጨቅላ መስማቱ እንደሚመረመርበት ስታስቡ የኔን ቁጣ ትረዱልኛላችሁ።

በ2025 በአሜሪካ ጽንስ ማረምን ዓላማቸው ያደረጉ ኩባንያዎች በግልጽ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምረዋል። በዚያው ዓመት የሕዋስና የጂን ሕክምና ዓለም አቀፍ ማኅበራት ለአሥር ዓመት እንዳይሠራ ጥሪ አድርገዋል። ጥሪውን እደግፋለሁ፤ አሥር ዓመት ግን ትንሽ ነው። አሥሩ ዓመት ሲያልቅ የሚወስነው ማነው? ስብሰባው ጄኔቫ ወይም ሆንግ ኮንግ ሲደረግ ከመካኒሳ የተመረቀ፣ ከሰበታ የተመረቀ፣ ዘነበወርቅ ያደገ ሰው ጠረጴዛው ላይ ካልተቀመጠ ውሳኔውን ውሳኔ ብዬ አልቀበለውም። በሀገራችንም ሕግ አውጪዎችና የሕክምና ማኅበራት ነገሩ ደጃችን እስኪደርስ እንዳይጠብቁ እጠይቃለሁ። በላብራቶሪ ልጅ የማስጀመር ሕክምና አዲስ አበባ ከገባ ቆይቷል፤ ቀሪው እርምጃ ረጅም አይደለም።

ለተማሪዬ ያልጨረስኩት መልስ አለ። ርእሰ መምህሩን አስፈቅጃለሁ፤ በሚቀጥለው ወር ወንድሜ ክፍሌ ይመጣል፣ አንዲት አስተርጓሚም ቃል ገብታልናለች። እሱ ጽንሱ ይታረም ባይ ሆኖ ይናገራል፤ እኔ አይታረም እላለሁ። ተማሪዎቹ ጥያቄያቸውን ከአሁኑ በወረቀት እየጻፉ እያመጡልኝ ነው፤ አብዛኛው ለእሱ ነው።